የአውሮፕላኑ መዝገብ ሲሳሳት፦ የጦር አውሮፕላን ጥገና ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የሄደበት አስቸጋሪ መንገድ

አንድ የጦር አውሮፕላን ሞተሩ ጤናማ፣ ክንፉ ሙሉ፣ ነዳጁም የተሞላ ኾኖ ሳለ ከመሬት ሳይነሳ ሊውል ይችላል። ለዚህ አንድ ቀይ የኤክስ ምልክት ይበቃል። በአሜሪካ አየር ኀይል አሠራር ይህ ምልክት በአውሮፕላኑ የጥገና መዝገብ ላይ ሰፍሮ ከተገኘ አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ አይደለም ማለት ነው። ምልክቱ የሚነሳው ሥልጣን የተሰጠው ባለሙያ ጥገናው በትክክል መጠናቀቁን መርምሮ በስሙ ሲፈርም ነው።

ከቀዩ ኤክስ ሌላ ሁለት ምልክቶች አሉ። ቀይ ሰያፍ መስመር ጉድለት መኖሩን፣ ነገር ግን ጉድለቱ በረራን የሚያስቀር አለመኾኑን ያመለክታል። ቀይ ሰረዝ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ መደረግ የነበረበት ምርመራ ስላልተደረገ የአውሮፕላኑ ሁኔታ አይታወቅም ማለት ነው። "ተበላሽቷል" እና "ደኅና ነው" ከሚሉት ሌላ "አናውቅም" የሚል ሦስተኛ መልስ በይፋ እንዲጻፍ መደረጉ የዚህ አሠራር ትልቁ ብልኀት ሳይኾን አይቀርም። አብራሪውም ወደ መቀመጫው ከመውጣቱ በፊት መዝገቡን የማየት ግዴታ አለበት።

ባለሙያው አውሮፕላኑን በዐይኑ አይቶ መናገር የሚችል ከኾነ መዝገቡ ለምን አስፈለገ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ይገምታል፤ ትከሻውን ዳስሶ ምን ያህል እንደ ታረሰበት ያውቃል። የአውሮፕላን ዕቃ ግን ጥርስ የለውም። በሞተር ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከሩ ሁለት የብረት ዲስኮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አንዱ አዲስ ሌላው ሺህ ጊዜ የጋለና የቀዘቀዘ ቢኾን፣ በዐይን ለመለየት ያዳግታል። ሽቦን ደጋግሞ ያጠፈ ሰው ነገሩን ይረዳዋል፤ ሽቦው እስከ መጨረሻው እጥፋት ድረስ ጤነኛ ይመስላል፣ ከዚያ በድንገት ይበጠሳል። ብረት ምን ያህል ጊዜ እንደ ታጠፈ የሚያውቀው የቆጠረው ሰው ብቻ ነው። የጥገና መዝገብ ማለት ይህ ቆጠራ ነው።

ቆጠራው ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ዕቃ በበረራ ሰዓት ይለካል። ሌላው ሞተሩ ስንት ጊዜ ተነስቶ እንደ ጠፋ፣ ወይም አውሮፕላኑ ስንት ጊዜ እንዳረፈ በመቁጠር ይለካል። አብራሪውን በአደጋ ጊዜ ከአውሮፕላኑ የሚያስፈነጥረው ወንበር ውስጥ ያሉት ፈንጂዎች ደግሞ አውሮፕላኑ በረረም ቆመም ዕድሜያቸው በቀን መቁጠሪያ ያልቃል። አንድ ተዋጊ አውሮፕላን እንዲህ ባሉ ብዙ ዕቃዎች የተሞላ ነው፤ ዕቃው ከአንዱ አውሮፕላን ተፈትቶ ወደ ሌላው ሲገባም ቆጠራው አብሮት መሄድ አለበት። የአውሮፕላኑ ታሪክ አንድ መጽሐፍ ሳይኾን፣ ከአውሮፕላን አውሮፕላን የሚዘዋወሩ የብዙ ዕቃዎች ታሪኮች ድምር ነው።

ይህንን ሁሉ በወረቀት መከታተል አድካሚ በመኾኑ የአሜሪካ ጦር ገና ከ1980ዎቹ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጥገና መረጃን ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባ ቆይቷል። ኾኖም ወረቀቱ ወዲያው አልቀረም። ባለሙያው በአውሮፕላኑ ሥር ኾኖ በወረቀት ይጽፋል፤ ከዚያ ወደ ቢሮ ገብቶ ያንኑ በኮምፒውተር ይደግመዋል። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ በተጻፈበት ቦታ ሁሉ ሁለቱ የማይገጥሙበት ቀን ይመጣል። የዕቃው መለያ ቁጥር አንዷ አኀዝ ብትዛነፍ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው የሌላ ዕቃ ዕድሜ ነው።

መዝገብ ሲጎድል ምን ሊደርስ እንደሚችል በሐምሌ 2017 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት የደረሰ አደጋ ያሳያል። ኬሲ-130ቲ የተባለ የማሪን ጦር የማጓጓዣ አውሮፕላን በአየር ላይ ሳለ ከፕሮፔለሮቹ ምላጮች አንዱ ተነቅሎ የአውሮፕላኑን አካል ሰንጥቆ ገባ። አውሮፕላኑ ተበታትኖ ወደቀ፤ የነበሩት 16 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ምርመራው የምላጩ ውስጥ በዝገት ተበልቶ እንደ ነበር አረጋገጠ። ምላጩ በ2011 በጆርጂያ ግዛት በሚገኝ የአየር ኀይል ትልቅ የጥገና ማዕከል ሙሉ እድሳት ተደርጎለት ነበር፤ ዝገቱ ግን ሳይወገድ ቀርቷል። መርማሪዎቹ ሥራውን የሠራው ማን እንደ ኾነ ለማወቅ ሲፈልጉ፣ የሥራው ወረቀት የሚቀመጠው ለሁለት ዓመት ብቻ በመኾኑ ከዓመታት በፊት ተወግዷል። ምላጩ በአገልግሎት ላይ የቆየው ከሁለት ዓመት በላይ ኾኖ ሳለ፣ ታሪኩ የሚቆየው ለሁለት ዓመት ብቻ ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ክፍተት ለመድፈን ከተሞከሩት ትልልቅ ሥራዎች አንዱ ኤፍ-35 ከተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ጋር የመጣው ነው። አምራቹ ሎክሂድ ማርቲን ከአውሮፕላኑ ጋር "አሊስ" በሚል አጭር ስም የሚታወቅ የኮምፒውተር ሥርዓት አቀረበ። አሊስ የአውሮፕላኑን ብልሽት ይመዘግባል፤ መለዋወጫ ያዝዛል፤ የጥገና መመሪያ ያቀርባል፤ የአብራሪዎችንና የባለሙያዎችን ሥልጠና ይከታተላል፤ የተልዕኮ ዕቅድም ያግዛል። አውሮፕላኑ ከበረራ ሲመለስ የራሱን ሕመም ለሥርዓቱ ይነግራል፤ ሥርዓቱም መለዋወጫው ሳይጠየቅ እንዲመጣ ያደርጋል የሚል ተስፋ ተሰጥቶ ነበር።

በአሊስ ውስጥ እያንዳንዱ ዋና ዕቃ የኤሌክትሮኒክስ መዝገብ አለው። ይህንን ከሕፃናት የክትባት ካርድ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። እናት ልጇን ይዛ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ካርዱ ከሌለ ልጁ የትኛውን ክትባት እንደ ወሰደ ማንም አያውቅም። የኤፍ-35 ዕቃም ከነመዝገቡ ካልመጣ አሊስ ዕቃውን አይቀበለውም፤ አውሮፕላኑ ዕቃው ተገጥሞለት እንኳን "ለበረራ ብቁ አይደለም" ይባላል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የዚያ ፕሮፔለር ምላጭ ዓይነት ታሪክ አልባ ዕቃ አውሮፕላን ላይ እንዳይወጣ ይከለክላልና።

ችግሩ የመጣው በተግባር ነው። ዕቃዎቹ ከፋብሪካ ወደ ጦር ሰፈር ሲደርሱ ብዙዎቹ መዝገባቸው የጎደለ ወይም የተሳሳተ ኾኖ ተገኘ። ባለሙያዎች ዕቃውን ከመግጠም ይልቅ የጠፋውን መዝገብ ፍለጋ ስልክ መደወልና ደብዳቤ መጻፍ ያዙ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ዋና ተቆጣጣሪ ቢሮ በ2019 ባወጣው የኦዲት ሪፖርት፣ ዝግጁ ኾነው ባልቀረቡ መለዋወጫዎች ምክንያት ከ2015 ጀምሮ እስከ 303 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የሠራተኛ ወጪ መውጣቱን፣ ነገሩ ካልተስተካከለም በየዓመቱ እስከ 55 ሚሊዮን ዶላር እንደሚባክን አስታወቀ። በቀጣዩ ዓመት ሎክሂድ ማርቲን በ70 ነጥብ 6 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከመንግሥት ጋር ተስማማ። ዕቃው ጤነኛ ኾኖ ሳለ፣ ስለ ዕቃው የሚናገረው ጽሑፍ በመጉደሉ ብቻ የተከፈለ ዋጋ ነው።

ለአሜሪካ ኮንግረስ ኦዲት የሚሠራው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ ደግሞ በመጋቢት 2020 ባወጣው ሪፖርት የባለሙያዎቹን ድካም በሰዓት ቆጥሮታል። አንድ የአየር ኀይል ክፍል አሊስ እንደሚፈለገው ባለመሥራቱ ምክንያት ለተጨማሪና በእጅ ለሚሠሩ ሥራዎች በዓመት ከ45 ሺህ ሰዓት በላይ እንደሚያባክን ተገምቷል። አንድ ሠራተኛ በዓመት ሁለት ሺህ ሰዓት ገደማ ይሠራል ቢባል፣ ይህ ከ20 በላይ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲታገሉ ውለው ከማደር ጋር እኩል ነው።

ከሰዓቱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን በዚያው ሪፖርት ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ነው። አሊስ አውሮፕላኑ መብረር የለበትም እያለ፣ የባለሙያዎቹ ዕውቀት ደግሞ ስሕተቱ የመዝገቡ እንጂ የአውሮፕላኑ አይደለም ስለሚላቸው፣ አንዳንድ አዛዦች የሥርዓቱን ምልክት አልፈው አውሮፕላኑን ያበርሩ ነበር። ውሳኔያቸው ምናልባት ትክክል ሊኾን ይችላል። ነገር ግን በየሌሊቱ ያለ ምክንያት የሚጮኽ ውሻ ጅብ በመጣ ቀንም ሰሚ አያገኝም። መዝገቡ ደጋግሞ ሲሳሳት ሰው ማለፍን ይለምዳል፤ የቀዩ ኤክስ ሙሉ ኀይል ግን ማንም ሰው በቸልታ የማያልፈው በመኾኑ ላይ የቆመ ነበር።

ለዚህ ውድቀት በቴክኖሎጂ ማነስ ማመካኘት አይቻልም። አሊስን የነደፉት ሰዎች ከአውሮፕላኑ ሥር ተኝቶ ከሚሠራው ባለሙያ ርቀው ነበር። ሥርዓቱ በብዙ ዓመታት ውስጥ እንደ አንድ ትልቅ ሕንፃ ተገነባ፤ አንዱን ግድግዳ ለማስተካከል ሌላውን ማፍረስ የሚጠይቅ ኾነ። ማሻሻያዎች ዘገዩ፤ ባለሙያው ዛሬ ያገኘውን ስሕተት ቢያሳውቅ መፍትሔው ከብዙ ወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ሌላው ቀርቶ፣ የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ እንዳለው፣ መከላከያ ሚኒስቴሩ አሊስ በምን ያህል ደረጃ ሊሠራ እንደሚገባው የሚለካበት አሠራር አልነበረውም። መለኪያ የሌለው ነገር መሻሻሉን ወይም መበላሸቱን ማወቅ አይቻልም።

ከዚህም የከፋ ምሳሌ አለ። የአሜሪካ አየር ኀይል ከ200 በላይ የኾኑ አሮጌ የአቅርቦትና የጥገና ኮምፒውተር ሥርዓቶችን በአንድ ታላቅ ሥርዓት ለመተካት ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ፣ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ካወጣ በኋላ በኅዳር 2012 ሥራውን ሰርዞታል። ለጦሩ ጥቅም የሚሰጥ ነገር ሳይገኝበት ቀርቷል። ሁሉን በአንድ ጊዜ ለመቀየር መነሳት፣ የነባሩን መረጃ ስሕተት ሳያጠሩ ወደ አዲሱ ማጋባት፣ የሚጠቀምበትንም ሰው ሳይጠይቁ መወሰን በሁለቱም ቦታ የተደገሙ ጥፋቶች ናቸው።

ማሻሻያው የተጀመረውም በተቃራኒው መንገድ ነው። "ኬሰል ረን" የተባለው የአየር ኀይሉ የሶፍትዌር ቡድን ከቦስተን ከተማ ባለሙያዎቹን ይዞ፣ በኔቫዳ ግዛት በሚገኘው የኔሊስ አየር ሰፈር ከሚሠሩ የኤፍ-35 ጠጋኞች ጋር መሥራት ጀመረ። ሥራው "ማድ ሃተር" የሚል ስም ተሰጠው። ሶፍትዌር ሠሪዎቹ ጠጋኞቹ ሲሠሩ ያያሉ፤ የትኛው ገጽ እንደሚያዘገያቸው ይጠይቃሉ፤ ትንሽ ፕሮግራም ሠርተው ያሳያሉ፤ ካልተወደደ ይለውጡታል። ይህ ለብዙ አንባቢ ግልጽ ነገር ሊመስል ይችላል። ማረሻ የሚሠራ ቀጥቃጭ አራሹን ሳይጠይቅ አይሠራም። በትልቅ የጦር ግዥ ውስጥ ግን ሠሪውና ተጠቃሚው በውል፣ በቢሮና በብዙ ዓመታት የተራራቁ ናቸው።

በጥር 2020 መከላከያ ሚኒስቴሩ አሊስን "ኦዲን" በተባለ አዲስ ሥርዓት እንደሚተካ ይፋ አደረገ። ኦዲን በአንድ ጊዜ የሚቀየር ሳይኾን ክፍል በክፍል የሚታደስ እንዲኾን ታስቧል። መሣሪያውም ቀሏል። የአሊስ ሰርቨሮች ወደ ግንባር ለማጓጓዝ እጅግ ከባድ ነበሩ፤ አዲሱ መሣሪያ በመጠንም በክብደትም 75 በመቶ ገደማ እንደሚያንስ ተገልጿል። ለጦር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዋናው ሰፈር ርቆ ከትንሽ ማረፊያ የሚነሳ ቡድን መዝገቡን ይዞ መሄድ ካልቻለ አውሮፕላኑ አብሮት ቢኖርም ለመብረር ፈቃድ የሚሰጠው የለም።

ከክብደቱ ጋር የኔትወርክ ጉዳይ ይነሳል። "ኔትወርክ የለም" የሚለው ቃል ባንክ ወይም ቀበሌ ሄዶ ለተመለሰ ሰው እንግዳ አይደለም። በጦርነት ጊዜ ኔትወርክ የሚጠፋው ጠላት ስላጠፋው ሊኾን ይችላል፤ መርከብ ላይ ያለ አውሮፕላን ደግሞ መስመሩ እየጠበበና እየተቋረጠ ይሠራል። ስለዚህ ጥሩ የጥገና መዝገብ ግንኙነት ሳይኖርም መጻፍና ማንበብ የሚቻልበት፣ ግንኙነቱ ሲመለስ ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ መኾን አለበት። ማስታረቁ ከባዱ ሥራ ነው። አንድ ዕቃ በዚህ ሰፈር "ተፈትቷል"፣ በዋናው ማዕከል ደግሞ "ተገጥሟል" ተብሎ ቢገኝ የትኛው ይታመን የሚለውን የሚወስን ሕግ አስቀድሞ መጻፍ ይኖርበታል።

ዕቃና መዝገቡ እንዳይለያዩ ለማድረግ አንዱ መንገድ ዕቃውን ራሱን ምልክት ማድረግ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ከ2004 ጀምሮ በሚፈጽማቸው ግዥዎች የተወሰነ መስፈርት የሚያሟሉ ዕቃዎች በዓለም ላይ ከሌላ ዕቃ ጋር የማይመሳሰል መለያ እንዲታተምባቸው ይጠይቃል። መለያው በትንንሽ ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘኖች የተሠራ ምልክት ነው፤ በመሣሪያ ሲነበብ ቁጥሩ ሰው ሳይጽፈው ወደ መዝገብ ይገባል። ለከብት ጆሮ እንደሚደረግ መለያ ነው፤ ከብቱ ገበያ ቢለውጥም መለያው አብሮት ይሄዳል። ቁጥርን በእጅ መጻፍ ሲቀር የአኀዝ መዛነፍ ይቀራል፤ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ መጻፍም ይቀራል።

የጦር አውሮፕላን መዝገብ ከመንገደኛ አውሮፕላን መዝገብ የሚለይበት አንድ ነገር ምስጢርነቱ ነው። ዛሬ ስንት አውሮፕላን መነሳት እንደሚችል፣ የትኛው መለዋወጫ እንዳለቀ የሚያሳይ መዝገብ በጠላት እጅ ከገባ የጦር ዕቅድን ከማግኘት አይተናነስም። ኤፍ-35ን የገዙ አገሮችም የራሳቸው የበረራ መረጃ ወደ አሜሪካ መሄዱ አሳስቧቸው ነበር፤ በመኾኑም እያንዳንዱ አገር የሚልከውን መረጃ ለማጣራትና ለመከልከል የሚችልበት አሠራር እንዲዘጋጅ በ2018 ለሎክሂድ ማርቲን ሥራው ተሰጥቷል። የምስጢር ጥበቃው በጠነከረ ቁጥር ጠጋኙ የሚያልፋቸው በሮች ይበዛሉ፤ በዚህ ጉዳይ ሁለቱንም ወገን የሚያስደስት መልስ እስካሁን አልተገኘም።

የትኛውም ሥርዓት ሊያርመው የሚከብደው ጉዳይ ሆን ተብሎ የሚጻፍ ሐሰት ነው። በ2000 ዓመት ኦስፕሬይ የተባለው የማሪን ጦር አውሮፕላን በሁለት አደጋዎች 23 ሰዎችን ገድሎ፣ የፕሮግራሙ ዕጣ ገና ሳይወሰን በነበረበት ወቅት፣ በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የኦስፕሬይ ማሠልጠኛ ስኳድሮን አዛዥ የጥገና መረጃ እንዲዛባ አድርጓል በሚል ክስ በጥር 2001 ከኀላፊነቱ ተነሳ። አውሮፕላኖቹ ከትክክለኛው በላይ ዝግጁ መስለው እንዲታዩ ግፊት ነበር። ማጭበርበሩ ለአደጋዎቹ ምክንያት ኾኖ አልተገኘም። ነገር ግን ከበላይ "ስንት አውሮፕላን ዝግጁ ነው" የሚለው ቁጥር ብቻ ሲጠየቅ፣ ከበታች ቁጥሩን የማሳመር ፈተና እንዴት እንደሚመጣ ያሳያል። የኮምፒውተር መዝገብ በዚህ ላይ የተወሰነ ርዳታ አለው፤ ማን፣ በየትኛው ሰዓት፣ ምን እንደ ጻፈና ምን እንደ ለወጠ ያስቀምጣል፤ እንደ ወረቀት ገጹን ቀዶ መጣል አይቻልም። ያም ኾኖ ባለሙያው ያልሠራውን ሥራ "ሠርቻለሁ" ብሎ ቁልፉን ሲጫን ኮምፒውተሩ በክንፉ ውስጥ ገብቶ አያይም።

መዝገቡ ትክክል ሲኾን የሚሰጠው ጥቅም ደግሞ ከቁጥጥር ያልፋል። የአሜሪካ አየር ኀይል ሲ-5 በተባለው ግዙፍ የማጓጓዣ አውሮፕላንና ቢ-1 በተባለው ቦምብ ጣይ ላይ የቆዩ የጥገና መረጃዎችን በመተንተን፣ ዕቃ ከመሰበሩ በፊት የሚቀየርበትን አሠራር ጀምሯል። ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚሰበር ከታወቀ፣ አውሮፕላኑ ለሌላ ሥራ በቆመበት ቀን ይቀየራል፤ በሩቅ አገር ተሰብሮ መለዋወጫ ሲጠባበቅ አይከርምም። ትንተናው ግን የቆመው በዓመታት ውስጥ ጠጋኞች በጻፉት ላይ ነው። "ተስተካክሏል" ብቻ ተብሎ የታለፈ ጥገና ለትንበያ አይረባም፤ ምን ተሰብሮ እንደ ነበር፣ እንዴት እንደ ተገኘ፣ በምን እንደ ተተካ መጻፍ ነበረበት። የደከመ ሰው ሌሊት ላይ በዝግተኛ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ሦስት ቃል ብቻ ቢጽፍ አይፈረድበትም፤ ሦስቱን ቃል ወደ ሦስት ዓረፍተ ነገር የሚያሳድገው ለጠጋኙ የቀለለ ሥርዓት ነው።

አሊስን በኦዲን የመተካቱ ሥራ እስከ 2022 መጨረሻ ይጠናቀቃል ተብሎ ታቅዶ ነበር፤ ቀኑ አልፏል። ከአንድ ሺህ በላይ የኤፍ-35 አውሮፕላኖች በብዙ አገሮች እየበረሩ ሳሉ ሥርዓቱን በአንድ ቀን አጥፍቶ ሌላ ማብራት አይቻልም። አዲሶቹ መሣሪያዎች ወደ ጦር ሰፈሮች እየገቡ፣ የአሊስ ፕሮግራም ደግሞ በአዲሶቹ መሣሪያዎች ላይ ጭምር መሥራቱን እየቀጠለ ሽግግሩ በደረጃ እንዲካሄድ ተወስኗል። በዚህ መካከል ዕቃው ከሳጥኑ ሲወጣ ጠጋኙ በመጀመሪያ የሚያየው መዝገቡ አብሮት መምጣቱን ነው።